የጃፓን ሰይፍና የቻይና ሰይፍ በሲኒማ፤ የትኛው ይበልጣል?

በተማሪ ቤታችን ግቢ ውስጥ ማለቂያ የሌለው አንድ ክርክር አለ። ይኸውም በእረፍት ሰዓት ከግድግዳው ሥር ፀሐይ ስንሞቅ የሚነሣው የፊልም ክርክር ነው። የደባርቅን ብርድ ለምታውቁ አንባብያን፣ ተማሪው ከፀሐይዋ ላለመለየት ሲል ክርክሩን እንደሚያራዝመው መንገር አያስፈልገኝም። የሚበዛው ልጅ «የቻይናን ሰይፈኛ የሚያክል የለም፤ በአየር ላይ ሲበር አላየህም?» ይላል። ጥቂቶቻችን ደግሞ «ጃፓናዊው ሳሙራይ አንድ ጊዜ ሰንዝሮ ይጨርሳል፤ የእናንተው ግን ሁለት መቶ ጊዜ ሰንዝሮም ጠላቱ እንደ ቆመ ነው» ብለን እንመልሳለን። ደወሉ ይደወላል፤ ክርክሩም ሳይፈጸም ለነገ ያድራል።

እኔ ከጥቂቶቹ ወገን ነኝ። በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ ቦታ ሲሰጠኝ፣ ጓደኞቼ በጩኸት የረቱኝን ነገር በጽሑፍ ልመልስ አሰብሁ። አንዳንድ ወላጆች «ይህ ልጅ በመማር ፈንታ ፊልም ሲያይ ይውላል» ብለው እንዳይፈርዱብኝ አስቀድሜ እለምናለሁ። ሰይፍ በአገራችንም ታሪክ ያለው ነገር ስለ ሆነ፣ እኛም የዚህ አገር ልጆች ሳንወድ ጦርነትን ከቅርብ ያየን ስለ ሆንን፣ ጉዳዩ የጨዋታ ነገር ብቻ አይደለም ብዬ አምናለሁ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የፊልሞቹ ዓመት በአውሮፓ አቆጣጠር ሲሆን፣ የአገራችን ታሪክ ግን በዓመተ ምሕረት ተጽፏል።

አሁን የምማረው ደባርቅ ከአክስቴ ቤት ተቀምጬ ይሁን እንጂ ተወልጄ ያደግሁት ኮሶዬ ነው። ኮሶዬ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ገደሉ ቁልቁል በሚታይበት ከፍታ ላይ ያለ ቀዝቃዛ አገር ነው። አጎቴ በወጣትነቱ ጎንደር ከተማ ቪዲዮ ቤት ገብቶ ያየውን የብሩስ ሊን ፊልም እንደ ተረት ይነግረን ነበር። ሰዉ በአግዳሚ ወንበር ላይ ተጨናንቆ፣ ብሩስ ሊ ሲመታ ሁሉም አብሮ እየጮኸ፣ ወጥቶም በመንገድ ላይ እየተራገጠ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር አለን። በእኛ ዘመን ደግሞ ቪዲዮ ቤቱ ስልክ ውስጥ ገባ። ፊልሙ በሚሞሪ ካርድ እየተጫነ፣ አንድ ተራኪም በአማርኛ እየተረጎመው ከከተማ ሱቅ ወደ ገጠር ደረሰ። እኛም ከብት ስንጠብቅ አራትና አምስት ሆነን በአንዲት ስልክ ላይ ተደፍተን እናይ ነበር። ፊልሙ ሲያልቅ ሽመላችንን ይዘን ምክቶሽ እንገጥማለን። አንዱ ጃኪ ቻን፣ አንዱ ጄት ሊ ይሆናል። ጃፓናዊ መሆን የሚወድ ግን አልነበረም። በ1972 በወጣው የብሩስ ሊ ፊልም፣ በሌሎችም ብዙ ፊልሞች፣ ጃፓናዊው ክፉ ሰው ነበርና ያ ዕጣ ሁልጊዜ ለትንሹ ልጅ ይወድቅ ነበር።

እንግዲህ የቻይናን ፊልም ለማቃለል አልተነሣሁም፤ ያደግሁበት ነውና። እንዲያውም ሦስት ትልልቅ ምስጋናዎች ይገቡታል።

የመጀመሪያው፣ ትምህርት ያለ ድካም እንደማይገኝ ማሳየቱ ነው። በ1978 በሆንግ ኮንግ የተሠራውና ላው ካር ሌውንግ ያዘጋጀው «ሠላሳ ስድስተኛው የሻዎሊን ክፍል» የሚባለው ፊልም ከግማሽ የሚበልጠው ስለ ጠብ ሳይሆን ስለ መማር ነው። ጎርደን ሊዩ የሚጫወተው ወጣት በሻዎሊን ገዳም 35 ክፍሎችን አንድ በአንድ ያልፋል። በአንደኛው ክፍል በክንዱ ላይ ስለታም ቢላዋ ታስሮበት ውኃ ይሸከማል፤ ክንዱ ደክሞ ቢወርድ ቢላዋው ጎኑን ይወጋዋል። ወጣቱ ሁሉንም ከተማረ በኋላ የሚጠይቀው ሹመት አይደለም። ከገዳሙ ውጭ ያለው ሕዝብ የሚማርበት ሠላሳ ስድስተኛ ክፍል እንዲከፈት ነው የሚለምነው። ለፈተና በመጨረሻዋ ሌሊት ብቻ የምናጠና ተማሪዎች ይህን ፊልም ብናየው አይጎዳንም።

ሁለተኛው፣ ለሴት ልጅ የሰጠው ቦታ ነው። በ1966 ኪንግ ሁ የሚባለው አዘጋጅ «ነይ ከእኔ ጋር ጠጪ» በሚል ስም ልንጠራው የምንችለውን ፊልም ሲሠራ፣ ሰይፈኛዋን እንድትጫወት የመረጠው ዳንስ የተማረችውን ቼንግ ፔይ ፔይን ነበር። በአንድ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣ፣ በሽፍቶች ተከብባ፣ ሳትደነግጥ ስትጠብቅ የምናይበት ቦታ እስከ ዛሬ ይነገራል። ይህችው ተዋናይ ከ34 ዓመት በኋላ በ2000 በአንግ ሊ ፊልም ውስጥ በእርጅናዋ ሰይፍ ይዛ ተመልሳለች። ያም ፊልም፣ ሰይፈኞቹ በቀርከሃ ጫፍ ላይ ሲወዛወዙ የሚታዩበት ማለቴ ነው፣ በ2001 አራት የኦስካር ሽልማት አግኝቷል።

ሦስተኛው፣ ውበቱ ነው። የቻይና ሰይፈኛ የሚዘለውና የሚሽከረከረው ያለ ምክንያት አይደለም። ሥሩ የፔኪንግ ኦፔራ የሚባለው የጥንት ቴአትር ነው። በዚያ ቴአትር መዝፈን፣ መገለባበጥና በሰይፍ መጫወት አንድ ላይ የሚማሩት ሙያ ነው። ጃኪ ቻንም በልጅነቱ የሠለጠነው በዚሁ ዓይነት ተማሪ ቤት ነበር። እኛ በቀረርቶና በእስክስታ ትከሻችንን እንደምንሰብቀው፣ እነርሱም ሰይፉን ከዘፈን ጋር አያይዘው አሳደጉት። ስለዚህ የቻይናው የሰይፍ ፊልም ከጦር ሜዳ ይልቅ ለሠርግ ጨዋታ ይቀርባል፤ ሰይፉ ቀላል ነው፤ ሰውየውም ቀላል ነው፤ መሬት አይጎትተውም።

እንግዲያውስ ይህን ሁሉ እያመሰገንሁ ስለ ምን ከጃፓኑ ወገን ሆንሁ? መልሱን ለመስጠት አንድ የማልወደውን ጊዜ ማንሣት አለብኝ።

በ2013 ዓ.ም ማብቂያ፣ በነሐሴ፣ ጦርነቱ በዳባት ወረዳ እስከ ጭና ድረስ መጣ። በዚያ ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። እኔ ያን ጊዜ የ13 ዓመት ልጅ ነበርሁ። ከዳባትና ከደባርቅ በኩል የሸሸው ሰው ልጁን አዝሎ፣ አህያውን እየነዳ በኮሶዬ መንገድ ወደ ጎንደር ሲወርድ ቆመን አየን። ከእነርሱም አንድ ቤተ ሰብ ሦስት ሳምንት እኛ ቤት ተቀመጠ፤ በዕድሜ የሚተካከለኝ ልጅም ነበራቸው። እኔና ጓደኞቼ እንግዳውን እናጫውት ብለን ሽመል ሰጠነውና «አንተ ጃፓኑን ሁን» አልነው። ልጁ ሽመሉን ተቀብሎ ጥቂት ካየው በኋላ መሬት ላይ አስቀመጠውና «እኔ ይህን አልጫወትም» ብሎ ወደ ቤት ገባ። እኛም አኩርፈን ነበር። እኔ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ምክቶሽ ስገጥም ደስ አላለኝም። ምክንያቱን ግን ልናገረው አልቻልሁም ነበር።

ከጥቂት ዓመት በኋላ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የአክስቴ ልጅ በፍላሽ ጭኖ አንድ ፊልም አመጣልን። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ርዝመቱ 3 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ነው፤ የአማርኛ ተራኪም የለውም። ከሥር የተጻፈውን እንግሊዝኛ እያነበብሁ ማየት ነበረብኝ። መብራትም እየጠፋ ስላስቸገረን ፊልሙን በሦስት ማታ ጨረስሁት። ፊልሙ አኪራ ኩሮሳዋ በ1954 ያወጣው «ሰባቱ ሳሙራይ» ነው።

ታሪኩ እንደዚህ ነው። ሽፍቶች በኮረብታ ላይ ቆመው አንዲት መንደር ቁልቁል ያያሉ። አሁን እንዝረፍ ሲሉ አለቃቸው ይከለክላቸውና ገብሱ ሲደርስ እንመለሳለን ብለው ይሄዳሉ። ልብ በሉ፣ ገብስ ነው ያለው! በሲኒማ ታሪክ እጅግ ከተመሰገኑት ፊልሞች አንዱ የሚጀምረው በእኛ በወገራና በስሜን ሰዎች ጭንቀት ነው። ገብሱ ሲያሸት የሚደሰት ገበሬ ብቻ አይደለም፤ የሚጠብቀው ሌላም አለ። ገበሬዎቹ መክረው ሥራ ፈት የሆኑ ሳሙራዮችን ለመቅጠር ይሄዳሉ። የሚከፍሉት ገንዘብ ስለሌላቸው ሩዛቸውን ለሳሙራዮቹ ይሰጡና እነርሱ ዝቅተኛ እህል ይበላሉ። ሰባት ሰዎች ለአንድ ሳህን ሩዝ ብለው ከ40 ሽፍቶች ጋር ሊዋጉ ይስማማሉ።

ከሰባቱ አንዱ ክዩዞ ይባላል። ስለ ሰይፍ ያለኝን ሐሳብ የለወጠው ይህ ሰው ነው። መጀመሪያ ስናየው ከአንድ ሰው ጋር በቀርከሃ ዱላ ይገጥማል። ሁለቱም እኩል የተማቱ ይመስላሉ። ክዩዞ ግን ሰይፍ ቢሆን ኖሮ ሞተህ ነበር ይለዋል። ያ ሰው ተቆጥቶ በእውነተኛ ሰይፍ እንግጠም አለ። ሁለቱ ቆሙ፤ ጠበቁ፤ አንዱ ሮጠ፤ ክዩዞ አንድ ጊዜ ሰነዘረ። ሰውየው ጥቂት ቆሞ ቀስ እያለ ወደቀ። ይኸው ነው። ዝላይ የለም፤ ዜማ የለም። ያየሁት ነገር ቢኖር አንድ ሰው በከንቱ እልኽ ምክንያት መሞቱን ነው፤ ክዩዞም በማሸነፉ ደስ ሲለው አላየሁም።

በኋላም ክዩዞ ከሽፍቶቹ ጠመንጃ አንዱን ሊያመጣ በሌሊት ብቻውን ይሄዳል። ጎሕ ሲቀድ ጠመንጃውን ይዞ ይመለሳል። ለአለቃው ይሰጠዋል፤ ሁለት ገደልሁ ይላል፤ ከዚያም ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ይተኛል።

ይህን ለአያቴ ነገርኋቸው። በእኛ አገር ጠመንጃ ማርኮ የተመለሰ ሰው «ዘራፍ!» ብሎ መፎከሩ የታወቀ ስለ ሆነ፣ አያቴ ሰውየውን ፈሪ ይሉታል ብዬ ጠብቄ ነበር። እርሳቸው ግን ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ «ልጄ፣ እንዲህ ያለ ሰው በእኛም ዘንድ ነበረ። ፎክሮ ስለማያውቅ የሚዘፍንለት አልተገኘም፤ ስሙም ሳይቀር ቀረ» አሉኝ። ፉከራ የአባቶቻችን ቅርስ ነው፤ እኔም በሠርግና በበዓል ስሰማው ደሜ ይሞቃል። ነገር ግን ስሙ ያልቀረው ያ ሰው ከዚያ ወዲህ ከሐሳቤ አልጠፋም።

በፊልሙ መጨረሻ ጦርነቱ በዝናብና በጭቃ ውስጥ ይሆናል። ኩሮሳዋ ይህን ሲያነሣ በአንድ ጊዜ ብዙ ካሜራ ይጠቀም ነበር፤ ስለዚህ ሰውና ፈረስ እንደ እውነቱ ሲንጋጉ ይታያል። ሰዎቹ ያዳልጣቸዋል፤ ይተነፍሳሉ፤ ይወድቃሉ። ከሰባቱ ሳሙራዮች አራቱ ይሞታሉ። አራቱንም የገደላቸው ሰይፍ አይደለም፤ ሽፍቶቹ የያዟቸው ጥቂት ጠመንጃዎች ናቸው። እንደ ክዩዞ ያለ ሰይፈኛ ፊቱን ሳያይ በሩቅ በተተኮሰ ጥይት ወደቀ። ያን ጊዜ ያ እንግዳ ልጅ ሽመሉን መሬት ላይ ስለ ምን እንዳስቀመጠው ገባኝ። እርሱ እኛ ገና ያላየነውን አይቶ ነበር።

የእኔ ሐሳብ እንግዲህ ይህ ነው። የቻይናው ፊልም ሰይፍን ለመያዝ ምን ያህል ድካም እንደሚያስፈልግ ያስተምራል። የጃፓኑ ግን፣ ከመልካሞቹ ማለቴ ነው፣ ሰይፍ ከተመዘዘ በኋላ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ያስተምራል። ሁለቱም ትምህርት ነው፤ ለእኛ ግን ሁለተኛው ይበልጥ ያስፈልገናል።

የአያያዙም ልዩነት የመጣው ከመሣሪያው ነው። የጃፓኑ ካታና በሁለት እጅ የሚያዝ፣ ጥቂት የጎበጠ፣ በአንድ ወገን ብቻ ስለት ያለው ነው። በሁለት እጅ ስለሚያዝ ለጋሻ የተረፈ እጅ የለም። ስለዚህ ሳሙራይ መከላከያው ትዕግሥትና እርምጃ ነው፤ አይቶ፣ ጠብቆ፣ አንድ ጊዜ ይሰነዝራል። የቻይናው ጂየን የሚባለው ሰይፍ ቀጥ ያለና በሁለት ወገን የተሳለ ነው፤ በአንድ እጅ ስለሚያዝ ሰይፈኛው እንደ ልቡ ይሽከረከራል። የእኛስ? የአባቶቻችን ሾተል እንደ ማጭድ የጎበጠ ነው፤ ጠላት ጋሻውን ቢያነሣ ከጋሻው ጀርባ ዞሮ እንዲደርስበት የተሠራ ነው። ጎራዴንም በቀኝ ጎን ይታጠቁ እንደ ነበር የጥንት ተጓዦች ጽፈዋል። በአያቴ ቤት ግድግዳ ላይ አንድ አሮጌ ጎራዴ ተሰቅሏል፤ አፎቱ ቆዳ ነው። እኔ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ሲመዘዝ አላየሁትም።

ይህንም ያነሣሁት በ1962 ኩሮሳዋ ስላወጣው «ሳንጁሮ» ስለሚባለው ፊልም ልነግራችሁ ብዬ ነው። ቶሺሮ ሚፉኔ የሚጫወተው ሳሙራይ ኃይለኛ ነው፤ ሰይፉን ቶሎ ይመዛል። አንዲት ጨዋ ወይዘሮ ግን በለሰለሰ አነጋገር መልካም ሰይፍ በአፎቱ የሚቀመጥ ነው ብላ ትመክረዋለች። እርሱም ያፍራል። በፊልሙ መጨረሻ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው ለረጅም ጊዜ አይንቀሳቀሱም። በአንድ ቅጽበት ሁለቱም ይመዛሉ፤ አንዱ ይወድቃል። የሚያዩት ወጣቶች አድንቀው ሲያመሰግኑት፣ አሸናፊው ተቆጥቶ ይገሥጻቸዋል። እኛ ተመልካቾች ልናጨበጭብ ስንል እርሱ እጃችንን ያዘን ማለት ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን በዚያው ዓመት ማሳኪ ኮባያሺ ያዘጋጀው «ሃራኪሪ» ነው። ኮባያሺ ራሱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደር ነበር፤ ማዕረግ ቢሰጡት እንቢ ብሎ ተራ ወታደር ሆኖ ቆይቷል፤ ተማርኮም ነበር። በፊልሙ ውስጥ አንድ ድኻ ወጣት ሳሙራይ የታመሙበትን ሚስቱንና ልጁን ለመርዳት ሰይፉን ሽጦ፣ በአፎቱ ውስጥ የቀርከሃ ሰይፍ ይዞ ወደ አንድ ትልቅ ቤት ይሄዳል። የዚያ ቤት ሹማምንት ክብራችንን እንጠብቃለን ብለው በዚያው በቀርከሃ ራሱን እንዲገድል ያስገድዱታል። ታትሱያ ናካዳይ የሚጫወተው አማቱ በኋላ ይመጣል፤ ታሪኩንም ተቀምጦ ይነግራቸዋል። ሰይፉ የሚመዘዘው በመጨረሻ ነው። በዚያ ጠብ ውስጥ ቤቱ የሚያመልክበትን የአያቶች የጦር ልብስ አንሥቶ ይጥለዋል፤ ባዶ ነው፤ ውስጡ ሰው የለም። ከሞተ በኋላ ግን የጦር ልብሱ ተጠግኖ በቦታው ይቆማል፤ በመዝገቡም ላይ ሐሰት ይጻፋል። ይህ ፊልም በ1963 በካን የዳኞች ልዩ ሽልማት አግኝቷል።

አባቶቻችን ከጃፓን ለመማር ያሰቡት ዛሬ አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም ጃፓንን ጎብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚባለውን መጽሐፍ ጽፈዋል። በዚያ ዘመን የተማሩት ሰዎች ጃፓን ባህሏን ሳትጥል መሠልጠኗን ያደንቁ ነበር። እኔ ደግሞ ዛሬ አንድ ሌላ ነገር አደንቃለሁ። ይኸውም ጃፓኖች ከጦርነቱ በኋላ የራሳቸውን የአያቶች የጦር ልብስ ገልጠው በሲኒማ ለማየት መድፈራቸው ነው። ይህን ያደረጉት አያቶቻቸውን ለመስደብ አይደለም፤ ክዩዞን የመሰለ ሰው ያሳዩን እነርሱው ናቸውና። እውነቱን ከፉከራው ለመለየት ነው።

እዚህ ላይ አብሮኝ የሚቀመጠው ጓደኛዬ «የጃፓኑን መልካም ከቻይናው መጥፎ ጋር አታነጻጽር» ይለኛል። እውነቱን ነው። ብዙ የሳሙራይ ፊልሞች ደም ከማፍሰስ በቀር ቁም ነገር የላቸውም፤ ሞትንም የሚያሳምሩ አሉ፤ ሴትንም አብዛኛውን ጊዜ ከቤት አስቀምጠው ያስለቅሳሉ። ሁለቱም ወገኖች ደግሞ ተማምረዋል። ቀደም ብዬ ያነሣሁትን የቼንግ ፔይ ፔይን ፊልም በካሜራ ያነሣው ታዳሺ ኒሺሞቶ የሚባል ጃፓናዊ ነበር። በጃፓንም 26 ፊልም የተሠራለት ዕውሩ ሰይፈኛ ዛቶይቺ፣ በ1971 በአንድ ፊልም ውስጥ ከቻይናው ባለ አንድ ክንድ ሰይፈኛ ጋር ተገናኝቷል። ሁለቱ ቋንቋ ለቋንቋ ባለመግባባታቸው ወደ ጠብ ደረሱ። ይህም ራሱ ለእኛ ምሳሌ የሚሆን ይመስለኛል።

ያ ባለ አንድ ክንድ ሰይፈኛ መጀመሪያ የታየው ቻንግ ቼ በ1967 ባዘጋጀው ፊልም ነው። ቀኝ ክንዱን ያጣ ወጣት ከአባቱ በቀረለት በተሰበረ ሰይፍ፣ በግማሽ በተቃጠለ መጽሐፍ እየተማረ፣ በግራ እጁ መዋጋትን ይለምዳል። መምህሩን ካዳነ በኋላ ተተኪዬ ሁን ሲባል እንቢ ይላል። ሰይፉን ትቶ ከሚወዳት ሴት ጋር እርሻ ሊያርስ ይሄዳል። «ሰባቱ ሳሙራይ»ም የሚያልቀው በእርሻ ነው። ገበሬዎቹ እየዘፈኑ ሩዝ ይተክላሉ፤ የተረፉት ሦስት ሳሙራዮች የጓደኞቻቸውን መቃብር እያዩ ድሉ የገበሬዎቹ እንጂ የእኛ አይደለም ይላሉ። እንግዲህ ከቻይናም ከጃፓንም ከምርጦቹ ፊልሞች ሁለቱ ወደ አንድ ቦታ ደረሱ። ለጓደኛዬ የምሰጠው ትልቁ እሺታ ይህ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። ከደባርቅ ብዙም በማይርቀው በጃናሞራ፣ በደረስጌ፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ የስሜኑንና የትግሬውን ገዥ ደጃዝማች ውቤን ድል አደረጉ። ውቤ ባሠሩትም በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዐፄ ቴዎድሮስ ተባሉ። ውቤ ያን ቤተ ክርስቲያን ለራሳቸው ንግሥ አስበውት ነበር ይባላል። ከዚህ የሚበልጥ ለሲኒማ የሚሆን ታሪክ ወዴት ይገኛል? ነገር ግን የሚሠራው ሰው ጎራዴና ፈረስ ብቻ እንዳያሳየን እለምነዋለሁ። የዚያ ዘመን ወታደር በገበሬ ቤት እየገባ የሚበላ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስም ይህን ለማስቀረት ለወታደሩ ደመወዝ ለመክፈል ሞክረዋል። በደረስጌ ዙሪያ የነበረው ገበሬ ያን ቀን ገብሱን ወዴት ደብቆ ነበር? ልጆቹንስ ወዴት ላካቸው? ይህን የሚያሳይ ፊልም ከተሠራ፣ እኔ ቪዲዮ ቤት ውስጥ በፊተኛው አግዳሚ ወንበር እቀመጣለሁ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ፊልም አትዩ አልላችሁም፤ እኔም አይቼ ነውና። ስታዩ ግን ከሁለቱም ወገን ምርጡን እዩ። የቻይናውን ስታዩ ውኃ የተሸከመውን ክንድ ልብ በሉ። የጃፓኑን ስታዩ ከወደቀው ሰው ላይ ዓይናችሁን አታንሡ። ወላጆቻችንና አስተማሪዎቻችንም፣ በእናንተ ፈቃድ ቢሆን በዓመት አንድ ቀን እንደ «ሰባቱ ሳሙራይ» ያለ ፊልም በተማሪ ቤታችን አዳራሽ ታይቶ ከዚያ በኋላ ብንወያይበት፣ በስልክ ተደብቀን ከምናየው መቶ ፊልም ይበልጥ ይጠቅመናል።

ያ እንግዳ ልጅ ዛሬ ወደ አገሩ ተመልሶ ይማራል። ይህ መጽሔት ቢደርሰው፣ ያን ጊዜ ስላኮረፍሁት ይቅርታ እንዲያደርግልኝ እለምነዋለሁ።

ሐሳቤን የሚቃወም ተማሪ እንዳለ ዐውቃለሁ፤ ከጎኔ ይቀመጣልና። እርሱም በሚመጣው ዓመት መጽሔት ላይ ብዕሩን ያንሣ፤ እስከዚያው ግን ክርክራችንን ከፀሐይዋ ሥር እንቀጥላለን።